ሻሼን ያላመድኩበት እጅ

እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲጀመር የሻይ ብርጭቆዬን ይዤ ከጠረጴዛው የምነሳ ሰው ነበርኩ፣ እገሌ ቤት ጥላ ታየ፣ እገሊትን የማይታይ ሰው በስሟ ጠራት ሲሉ "ሥራ ብትፈቱ ነው" ብዬ እስቅባቸዋለሁ፣ አሁን ደግሞ ይኸው እኔው አውሪ ሆኜ ቁጭ አልኩ። የምነግራችሁ ነገር ከሚያስፈራው የሚያሳፍረው ስለሚበልጥ እስከ ዛሬ ለእናቴ እንኳ አልተነፈስኩም።

ጂንካ የመጣሁት ለሥራ ተመድቤ ነው፣ መዝገብ ቤት ነው የምሠራው፣ የተከራየኋት ክፍል ከእማማ ዓለሚቱ በር ፊት ለፊት ናት፣ መሃላችን ያለው አሥር እርምጃ የማይሞላ ግቢ ነው። እማማ እዚሁ ጂንካ አጠገብ የገዘር ሰው ናቸው፣ ባላቸው ሞተዋል፣ ልጆቻቸው ተበታትነዋል፣ ዓይናቸውን ሞራ ስለጋረደው የሚለዩት ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው፣ ያለቻቸው አንዲት ድመት ናት። ግንባሯ ላይ ያለው ነጭ ሻሽ ያሰረች ስለሚያስመስላት ሻሼ ይሏታል፣ ሌላ ሰው ስታይ አጥር ትዘላለች፣ እሳቸው ጭን ላይ ሲሆን ግን እንደ ሕፃን ትተኛለች።

ጠባችን በጫጩት ነው። እንቁላል እንኳ ከቤቴ ይገኝ ብዬ ጫጩቶች አመጣሁ፣ ሻሼ አንድ በአንድ ለቀመቻቸው፣ ለእማማ ብነግራቸው "ድመት ብትመነኩስ አመሏን አትረሳ፣ ምን ላድርጋት ልጄ፣ በሽቦ እጠሪላቸው" አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ግን ሰነፍኩ። ዘሪሁን የሚባል የቢሮ ባልደረባዬ ደግሞ "በማዳበሪያ ከተሽ ወንዝ አሻግረሽ ጣያት፣ ወንዝ ካልተሻገረች ተመልሳ ትመጣለች" ብሎ መከረኝ፣ ሁሉም ሰው የሚያደርገው ነው አለ። ችግሩ ማን ይይዛታል?

እዚህ ላይ ነው የማፍረው። ሄጄ እማማን ራሳቸውን "ሻሼን መልመድ ፈልጌ ነበር፣ እንዴት ነው የምትነካው?" አልኳቸው። ደስታቸውን ባያችሁት፣ እጄን ይዘው ጭናቸው ላይ አስቀመጡና ማስተማር ጀመሩ።

"ከላይ አትምጪባት፣ ከላይ የሚመጣ ጭልፊት ነው" አሉኝ፣ "የጣትሽን ጀርባ አፍንጫዋ ፊት አቁሚና ጠብቂ፣ እሷ ጉንጯን ካሻሸችብሽ ፈቅዳለች ማለት ነው። ከጉንጯ ወደ ጆሮዋ ሥር፣ ከዚያ አገጯን፣ ከዚያ ትከሻዋን በአውራ ጣትሽ ክብ ክብ እያደረግሽ። ሆዷን እንዳትነኪ። ጭራዋን ካወዛወዘች እጅሽን አንሺ። ደግሞ ሳትጠግብ ተያት፣ ነገ ራሷ ትመጣለች።"

እመኑኝ፣ አንድም ነገር አላጓደልኩም፣ በየቀኑ ከቢሮ ስመለስ ደጃፌ ላይ ቁጭ ብዬ ጣቴን እዘረጋለሁ፣ መጀመሪያ ሸሸችኝ፣ ቆይታ አሸተተችኝ፣ አንድ ቀን ጉንጯን ጣቴ ላይ ስታሻሽ አልዋሽም፣ አንጀቴን በላችው፣ ልተወው ብዬ ነበር። በዚያው ሳምንት የመጨረሻዋ ጫጩት ተበላች።

ወንዝ ተሻግሮ ያለው የዲመካ ገበያ በሚውልበት ቀን ጠዋት ትከሻዋን እያሻሸሁ፣ ዓይኗን ጨፍና እያንኮራፋች ማዳበሪያ ውስጥ ከተትኳት፣ አልቧጨረችኝም፣ ብትቧጭረኝ ይሻለኝ ነበር። በሚኒባስ ከእግሬ ሥር አድርጌ ወሰድኳትና ከገበያው ጀርባ አፉን ፈታሁላት። አልሮጠችም፣ ወጥታ ዙሪያዋን አየችና ተመልሳ ጉንጯን እጄ ላይ አሻሸች። የሮጥኩት እኔ ነኝ።

ማታ እማማ "ሻሼን አየሻት?" አሉኝ፣ "ኧረ አላየኋትም እማማ" አልኩ፣ አልኩ ብቻ ሳይሆን እጃቸውን ይዤ አጥር ለአጥር እየዞርኩ አብሬያቸው ስሟን ጠራሁ። እንዲህ ዓይነት ሰው ነኝ እንግዲህ።

ነገሩ የመጣው ሳምንት ሳይሞላ ነው። ቀኑ ገና ሊመሽ ሲል ነበር፣ ዝናብ ይዘንባል፣ መብራት ጠፍቷል፣ ልብሴን ሳልቀይር ወደ ግድግዳው ዞሬ ጋደም ብያለሁ። መጀመሪያ በሩን የሆነ ነገር ታከክ አደረገው፣ ነፋስ ነው አልኩ። ቀጥሎ አፍንጫዬ ፊት ሙቀት ተሰማኝ፣ ሰው እጁን ሲያስጠጋባችሁ የሚሰማችሁ ዓይነት፣ ዓይኔን ገልጬ አየሁ፣ ከግድግዳው በቀር ምንም የለም፣ ሙቀቱ ግን አልሄደም፣ ቆሞ ይጠብቃል። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ፣ ጉንጬን ወደፊት አስጠጋሁ። ያን ጊዜ ነካኝ፣ ከጉንጬ ወደ ጆሮዬ ሥር፣ ከዚያ አገጬን፣ ከዚያ ትከሻዬን ክብ ክብ እያደረገ። የሚያንኮራፋ ድምፅ ሰማሁ፣ ከየት ነው ብዬ ሳዳምጥ ከራሴ ጉሮሮ ነው።

ተነስቼ በሩን በረገድኩት። እማማ ዓለሚቱ ማዶ ጣሪያው ሥር በርጩማቸው ላይ ተቀምጠዋል፣ ጭናቸው ባዶ ነው፣ እጃቸው ግን ባዶው ላይ ይሄዳል፣ ጣታቸው ክብ በሠራ ቁጥር ትከሻዬ ላይ ይሰማኛል።

"እማማ፣ ምን እያደረጉ ነው?"

"ሻሼ መጣች እኮ ልጄ" አሉኝ ፊታቸው በርቶ፣ "ግን የሆነ ነገር ደርሶባታል፣ ይኸው አንቺ በሩን ስትከፍቺ ልቧ ድው ድው ይላል። ማን ይሆን ያስፈራት?"

ድው ድው የሚለው የእኔ ነበር። "እኔ እንጃ" አልኩ። እሳቸውም "በይ ለዛሬ ይብቃት" ብለው እጃቸውን አነሱ፣ ትከሻዬ ቀዘቀዘ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ዲመካ ሄጄ ፈለግኳት፣ አላገኘኋትም። "የጣልኳት እኔ ነኝ" የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች የቀረችኝ፣ ስንት ቀን በራቸው ድረስ ይዣት ሄጃለሁ፣ ግን ከተናገርኩ በየማታው የሚመጣልኝ እጅ ይቀራል። ልንገራችሁ፣ በዚህ አገር ትከሻዬን የሚነካ ሰው የለኝም፣ ከቢሮ ስወጣ እየተጣደፍኩ ነው የምገባው፣ ጋደም ብዬ ጉንጬን አዘጋጅቼ እጠብቃለሁ።

ትናንት እማማ ዱላቸውን ይዘው በሬ ድረስ መጡ። "ሻሼ አሁን አመነችኝ፣ ዓይኗን ጨፍና ነው የምትተኛው" አሉኝ። ከዚያም "ልጄ፣ ባዶ ማዳበሪያ ይኖርሻል?" አሉ።

ያለኝ ያው አንዱ ነው፣ ከአልጋዬ ሥር፣ ፀጉሯ እንደተጣበቀበት። አውጥቼ ሰጠኋቸው፣ በጣታቸው አገላብጠው ዳሰሱት፣ አጠፉትና ብብታቸው ሥር ይዘውት ገቡ። ለምን እንደፈለጉት ገብቶኛል፣ ዛሬም ግን ከቢሮ እንደወጣሁ እየተጣደፍኩ እገባለሁ።