በእትዬ በለጠች መዳፍ ስር የሸሸው ጅማት

ተረት ነው የምትሉ ከዚሁ ተመለሱ። የሆነ ነገር ነው...

ድሬ ዳዋ፣ ከዚራ፣ 1973 ዓ.ም.፣ ግንቦት ወር። ሰዓቱ ቀን ሰባት ሰዓት። ክፉ ነገር ጨለማ ብቻ ይወዳል የሚል ሰው የድሬን የሰባት ሰዓት ፀሐይ አያውቅም!

እትዬ በለጠች ወጌሻ ናቸው። ሲያሹ የሚነኩትን ሁሉ በስሙ ይጠሩታል። «ባት... ቋንጃ... ሽንጥ...» እያሉ። የዞረ ጅማት ሲያገኙ በአውራ ጣታቸው ተጭነው «ቦታህ ግባ!» ይሉታል። እሱም ይገባል።

የአካሉን ስም ግማሹን ከአባታቸው፣ ግማሹን ቀበሌ ከሰጠው የጤና ስልጠና ነው የለቀሙት። ቆዳው የተገፈፈ ሰው ስዕል ግድግዳቸው ላይ ተሰቅሏል።

ከሁሉ በላይ የሚያሹት ግን ልጃቸውን ሰርካዲስን ነው። ሦስት ጊዜ ጽንስ ወርዶባታል። አራተኛው ይኸው ስምንት ወር ደፈነ። እንዲጸናላት እናትየው ያልተሳሉበት ታቦት የለም።

ያን ቀን ወልደጻድቅ የሚባል የባቡር ጣቢያ ጫኝ መጣ። ትከሻውን አሞታል።

ሸሚዙን ሲያወልቅ ሽታው ቀደመው። ፀሐይ ላይ የዋለ ሥጋ... እፍ!

የሰሊጥ ዘይት ቀቡት። ቆዳው ዘይቱን አልጠጣም። ነጭ ነገር ሆኖ እንደ ሞራ ጣታቸው ላይ ተለጠፈ።

ጣታቸውን በጨርቅ ጠረጉ። ግን ወጌሻ በሽተኛ አይጸየፍም።

«ማጅራት...» አሉ። «ትከሻ... የጎድን አጥንት...»

ከዚያ አንድ ጅማት አገኙ። አውራ ጣት ያክላል።

ተጫኑት።

ሸሸ...

ደግመው ተጫኑት። ተጠቀለለና ጣታቸውን ከስር ገፋቸው።

ስሙን ፈለጉ። የለም። አባታቸው ያልነገሯቸው፣ ስዕሉም ላይ የሌለ ነገር ነው።

«አንተ... ይሄ ምንድነው?»

«አቦ ዝም ብለው ይሹት» አለ በሹክሹክታ። ፊቱን አላዞረም።

ጨነቃቸው። ስም ሳይጠሩ «ቦታህ ግባ!» አሉ።

ሹልክ አለ!

የሰውዬው ጀርባ እንደ ባዶ ስልቻ ረገበ። የእሳቸው መዳፍ ግን... ሞላ።

ወልደጻድቅ ዘሎ ተነሳ። እያለቀሰ ይስቃል።

«ይቅር ይበሉኝ እትዬ... እኔንም ያሸኝ ወጌሻ ነው ያስገባብኝ።»

ጫማውን እንኳ ሳያደርግ ሮጠ።

እትዬ በለጠች ቀኝ እጃቸውን አዩ። ከአንጓቸው ወደ ክርናቸው የሆነ ነገር ከቆዳቸው ስር ዝግ ብሎ ይሳባል። ቱ!

በጨው አሹት። በበረኪና አጠቡት። ቆዳው ተላጠ፣ እሱ ግን አለ።

በመጨረሻ ወደ ላይ እንዳይወጣ ክርናቸውን በመቀነት ጥፍር አድርገው አሰሩት።

«ልጄን አልነካም! በእመብርሃን አልነካም!» ብለው ማሉ።

ይሄኔ ነው ሰርካዲስ ከጓሮ የጮኸችው።

«እማዬ! ወገቤን... ልጄ ሊወጣብኝ ነው!»

እናት አይደሉ? መሐላውን ጥለው ሮጡ። ቀኝ እጃቸውን ከኋላቸው ደብቀው በግራው ብቻ ወገቧን ያዙ። ግራው ንጹሕ ነው... ምን ያመጣል ብለው ነው።

«ሽንጥ...» ብለው ጀመሩ። «ሽንጥ...»

የሰላሳ ዓመት ልማድ ነውና ምላሳቸው ቀደማቸው።

«ቦታህ ግባ!»

ሰርካዲስ ወገቧን ቀና አደረገች።

«እሰይ! ተወኝ እኮ» አለች ሰርካዲስ ተንፈስ ብላ። «እጅሽ ይባረክ እማዬ።»

እትዬ በለጠች ቀኝ እጃቸውን ከኋላቸው አወጡት። መቀነቱ እንደታሰረ ነው። ክንዳቸው ግን ቀልሏቸዋል። ዳበሱት... ምንም የለም።

«እማዬ...» አለች ሰርካዲስ በሹክሹክታ። «ልጁ ጀርባዬ ላይ ምን ይሠራል?»

በቀጭን ቀሚሷ ስር አውራ ጣት የሚያክል እብጠት አከርካሪዋን ይዞ ይወጣ ነበር። ማጅራቷ ጋ ሲደርስ ቆመ።

ከዚያ ዞረና... በጎድን አጥንቷ ዙሪያ ወደ ሆዷ መውረድ ጀመረ።