በጨለማ የተወለደችው ናሁድ

ግልገሏ ናሁድ ጨለማ ሆና በተወለደችበት ምሽት፣ በዘማራ መንግሥት ውሻ እንኳ አልጮኸም።

ናሁድ ቤት የሚያህል ለስላሳ አካልና ብዙ ክንዶች ያላት የባሕር ፍጥረት ናት። ቀን አሸዋ ውስጥ ተቀብራ ትውላለች፤ ሲመሽ ትነሣና በሆዷ ብርሃን ውሃውን ከሥር ታበራለች። የዘማራ ወደብ በሾሉ ቋጥኞች የታጠረ ስለሆነ፣ ከሩቅ ባሕር የሚመለሱ ጀልባዎች የሚገቡት በዚያ ብርሃን ነበር። አሁን ግን አሮጊቷ ናሁድ ሞታለች፤ የግልገሏም ሆድ እንደ ጥቀርሻ ጠቁሯል። ሳምንት ሳይሞላ ባሕሩ የተሰባበረ ጀልባና የሰው ሬሳ ወደ ዳር ይተፋ ጀመር።

ንግሥት ዶሪታ ሕዝቡን ሰበሰበች። የቤተ መንግሥቱ ራእይ ነጋሪ በትሩን ወደ ሰማይ አንሥቶ፣ «ብርሃኑ ተሰርቋል! ሌባው በእጁ ንጽሕና ይታወቃል!» ሲል አወጀ። ሰው ሁሉ አንዱ የሌላውን እጅ ተመለከተ። ከዓሣ ጋር የሚውል ሕዝብ ነውና ንጹሕ እጅ ከወዴት ይገኛል? ሌባው የውጭ ሰው ነው ተብሎ ተወሰነ፤ ሁሉም ቀለል አለው።

ያን ጊዜ ሲሃል የምትባል ወጣት ከሕዝቡ መካከል ወጣች። ወንድሟ ኤናር ከታላቁ የዓሣ አጥማጆች ጓድ ጋር በሩቅ ባሕር ነው፤ ነፋሱ ሲዞር ይመለሳሉ። ብርሃን ከሌለ ቋጥኙ ይበላቸዋል። ተንበርክካ ማለች።

«ግርማዊት ሆይ! ብርሃኑን ሳልይዝ ብመለስ ባሕር ይፋረደኝ! ስሜም ከአባቴ ስም ጋር አይጠራ!»

አባቷ ሐርማስ የአጣቢዎች አለቃ ነበር። ናሁድ ስትወለድ ሰውነቷ በዝልግልግ ልጋግ ይሸፈናል፤ ያን ልጋግ አጥቦ ማንሣት የሐርማስ ቤት የዘር ክብር ነው። አባቶቹ በባሕር ውሃ ብቻ ለቅለቅ ያደርጉ ነበር። ሐርማስ ግን ፍቅሩ አላስችል ስላለው የአሁኗን ግልገል በምንጭ ውሃና በእንዶድ፣ ባሕሩ አረፋ እስኪለብስ ድረስ አሽቷት ነበር። አገር ሁሉ «እጅህ ይባረክ» ብሎታል።

«ብቻዋን አትሄድም፤» አለ ሐርማስ ለንግሥቲቱ። «ይህችም ልጄ ናት፤ ያችንም ግልገል በእጄ ተቀብያታለሁ።»

ጀልባውን የሚቀዝፍላቸው ቤልዳን የሚባል ነጭናጫ ሽማግሌ ተገኘ። ሌባው የሰረቀውን ብርሃን በሌላ ብርሃን መካከል ይሸሽገዋል ብለው፣ የዱር ናሁዶች ወደሚኖሩበት ወደ ወናው ባሕር ቀዘፉ። በመንገድ ላይ ሸምራ የተባለው ባለ ጥርስ የባሕር እባብ ጀልባቸውን ጠመጠመው። ሲሃል ጦሯን ዓይኑ ውስጥ ሰክታ አባረረችው፤ ሸራቸው ግን ተቀዶ ቀረ። ቤልዳን የተረፈውን ጨርቅ እያየ፣ «ሌባው ይህን መንገድ ከመጣ ብርሃኑን ይውሰደው፤ ይገባዋል፤» ብሎ አጉረመረመ።

ወናው ባሕር ሲደርሱ ሌባ አልጠበቃቸውም። የዱር ናሁድ ግልገል ከእንቁላሏ ስትወጣ አገኙ። እርሷም ጨለማ ነበረች፤ ሰውነቷም ያንኑ ልጋግ ለብሷል። የሚያጥባት ግን የለም።

ሲሃል ከጀልባው ጠርዝ ተጎንብሳ ስታይ ዋለች። በውሃው ውስጥ ከዱቄት የደቀቀ ሕይወት ይንሳፈፋል፤ ብቻውን ሲሆን አያበራም። ልጋጉ ላይ ሲደርስ ይያዛል፤ እርስ በርሱ ተጣብቆ፣ የራሱንም ልጋግ አክሎ ይጎነጎናል። ከዚያ በግልገሏ ሆድ ባሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ሾልኮ ይገባል። ውስጥ ገብቶ ሲበዛ፣ ቁጥሩ መሙላቱን እንደ ተነጋገረ ሁሉ በአንዴ ይበራል። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ደግሞ ታላላቆቹ ናሁዶች አብዛኛውን ብርሃን ወደ ባሕር ተፉት፤ የቀረው ጥቂት እስኪመሽ ተራብቶ ሆዳቸውን ሞላ። የተተፋው ገና ለሚወለዱት ነው።

ሲሃል ዞር ስትል አባቷ እጆቹን እያየ ነበር። በእንዶድ የነጡ፣ ከጥፍራቸው ሥር እንኳ እድፍ የማይገኝባቸው እጆች ናቸው።

«ልጄ፣» አላት፣ «ሌባውን አገኘሁት። ልጋጉን አጥቤ የብርሃኑን ደጅ ዘጋሁ፤ በባሕሩ የተረፈውንም በእንዶድ አረፋ ገደልኩት።»

ልትቆጣው ፈልጋ ነበር፤ አንጀቷ አልቻለም። እጆቹን ይዛ አለቀሰች። ቤልዳን ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጌታዬ፣ ስናሞግስዎት የኖርነው እኛ ነን። እርስዎ ሌባ ከሆኑ እኛም ተቀባዮች ነን። አሁን ተነሡና እንመልሰው።»

መመለሱ ግን ቀላል አልነበረም። ከዱር ግልገሏ ወስደው በሸክላ ያኖሩት ልጋግ ሟሙቶ ብርሃኑ ጠፋ። ያ ደቃቅ ሕይወት ጸንቶ የሚቆየው በሕያው ገላ ላይ፣ ያውም የባሕር ውሃ ሳይለየው ነበር። ሐርማስ ነገሩን ሲረዳ ልብሱን አወለቀ። ልጋጉን ደረቱ ላይ ቀብቶ ከጀልባው ኋላ በገመድ ታስሮ ባሕር ውስጥ ገባ።

«አባዬ፣ ተራ በተራ እንሁን!» ብላ ለመነችው።

«ከገላ ወደ ገላ ሲዛወር ይሳሳል። የአንቺ እጅ መጨረሻ ላይ ይፈለጋል።»

የክረምቱ ባሕር አጥንት ይሰብር ነበር። ሲሃል በቀዘፈች ቁጥር ወደ ኋላ ታያለች። መጀመሪያ ሐርማስ ይዘፍንላት ነበር፤ ኋላ ስሟን ብቻ ይጠራ ጀመር፤ ኋላም ጭንቅላቱን ብቻ መነቅነቅ ሆነ። ደረቱ ላይ ያለው ብርሃን ግን ከቀን ወደ ቀን ደመቀ። ያን ብርሃን ጠላችው፤ አባቷን እየበላ የሚደምቅ መሰላት።

የዘማራ ወደብ ሲደርሱ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር፤ ነፋሱም ዞሯል። ከቋጥኞቹ ማዶ የጓዱ ሸራዎች ይታያሉ። ሲሃል ውሃ ውስጥ ዘልላ አባቷን ታቅፋ ወደ ግልገሏ ዋኘች። ግልገሏ ክንዶቿን ዘርግታ ተቀበለችው፤ ሆዷንም ደረቱ ላይ አስደገፈች።

«እንዳታጥቢኝ፤» አላት ሐርማስ። ሌላ ቃል አልተናገረም።

ሲሃል አንገቱን ደግፋ ቆየች። ከናሁዲቱ ሆድ መጀመሪያ ጭላንጭል፣ ቀጥሎ ሰፊ ሰማያዊ ብርሃን ፈሰሰ፤ የቋጥኞቹም ጥርስ አንድ በአንድ ተገለጠ። ጀልባዎቹ በመካከላቸው እየሾለኩ ገቡ። በዳር የቆመው ሕዝብ እልልታውን አቀለጠው። ሲሃል እልል አላለችም፤ የአባቷ ልብ መምታቱን ያቆመው ከእልልታው በፊት ነበር።

ሲነጋ ናሁዲቱ ብርሃኗን ወደ ባሕሩ ተፋች። ሕዝቡ «ዳግም ተሰረቅን!» ብሎ ሲጮኽ ሲሃል፣ «ተዉአት፤ ለሌሎች ነው፤» አለች።

በዘማራ ሕግ ሳይታጠብ የሚቀበር ወንጀለኛ ብቻ ነው። ኤናር ፊቱ በእንባ ርሶ በእንስራ የምንጭ ውሃ ተሸክሞ መጣ።

«እህቴ፣ አባታችን እንዲህ ሆኖ አይቀበርም። አገር ምን ይላል?»

ሲሃል እንስራውን ተቀብላ ውሃውን አሸዋው ላይ አፈሰሰችው። ንግሥቲቱ ይህን ቆማ አየች። ዘውዷንም አወለቀች።

የአጣቢዎች አለቃ ሐርማስ ሳይታጠብ መቃብር ወረደ። ጉድጓዱ ውስጥ ሲያኖሩት ደረቱ ላይ የቀረው ልጋግ ገና ያበራ ነበር። ቤልዳን አካፋውን መሬት ላይ አስቀመጠ፤ አፈር ሊመልስ የደፈረ አልነበረም። ብርሃኑ እስኪጠፋ ድረስ ሁሉም ቆመው ጠበቁ።