ሜሮን የዘለለችው ዓምድ

«የዘንድሮው መሪኽ በሩ ተሠርቶ መዝጊያው የተረሳ ቤት ነው» አለ ምንዳዬ፣ ዳቦውን ወደ ፉሉ ሳህን እየሰደደ። «የፈለገ ሁሉ ገብቶ ጎል ያገባበታል።»

«ስለ በር የሚያወራው ባለ ረክሻው ነው?» አሉ ጋሽ ጀምበሬ። «ያቺ ባለሦስት ጎማህ መቼ በር ኖሯት ያውቃል?»

ሜሮን ሳቋን መያዝ አቅቷት ጉርሻዋ ሊያንቃት ደረሰ።

ቅዳሜ ረፋድ ነው። የካርቱም ሙቀት በታኅሣሥ ልብ ገዝቷል፤ በስፌት ቤቱ በር የሚገባው ነፋስ የጃላቢያ ቁርጥራጮችን ከወለሉ ላይ እያነሣ ያስቀምጣል። ጋሽ ጀምበሬ በአል-ሳሃፋ ሰፈር ልብስ መስፋት ከጀመሩ ሃያ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ልባቸው ከቀዩ መሪኽ ሌላ ቡድን አላወቀም። ምንዳዬ ደግሞ ለሰማያዊው ሂላል አንገቱን ይሰጣል። የሊጉ ውድድር ሊጀመር ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ሁለቱ በየዓመቱ አንድ ትልቅ ክርክር ይገጥማሉ፤ የመጪው ዓመት ዋንጫ የማን ነው? ምስክራቸው ጋዜጣ ነው። አስቀድሞ «ኸላስ፣ ተረታሁ» ያለ ቅጣቱን ይቀበላል። ምንዳዬ ከተረታ ዓመቱን ሙሉ ረክሻውን በመሪኽ ቀይ ባንዲራ ይነዳል። ጋሽ ጀምበሬ ከተረቱ የሂላልን ባንዲራ በገዛ እጃቸው ሰፍተው ረክሻው ላይ ይሰቅላሉ።

ትናንት ዓርብ፣ በዐሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ጋሽ ጀምበሬ ተረቱ።

ያስረታቸው ጋዜጣው ነው፤ ጋዜጣውን ያነበበችው ሜሮን ናት። ሁለቱ ሰዎች በዓረብኛ ከነጋዴ ጋር ተከራክረው የሚያሸንፉ፣ ቀልደው ፖሊስ የሚያስቁ ናቸው፤ ፊደሉን ግን አልተማሩትም። ሜሮን ካርቱም ተወልዳ እዚያው የምትማር የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ናት። አማርኛዋ አንዳንዴ ይደናቀፋል እንጂ ዓረብኛውን እንደ ውሃ ትጠጣዋለች። ስለዚህ ከስፌት መኪናው አጠገብ ያለው ከፍ ያለ ወንበር የእርሷ ነው። እዚያ ላይ ሆና እያነበበች ወደ አማርኛ ስትመልስ ትልልቆቹ ሰዎች መብላታቸውን አቁመው አፍ አፏን ያያሉ። ከዚህ የሚበልጥ ደስታ አታውቅም። እርሷ ራሷ የለየላት ሂላል ናት፤ ጋሽ ጀምበሬ ግን «ሂላል ሆና እንኳ መሪኽን የሚያመሰግነውን ስታነብ ድምጿ አይቀንስም» እያሉ በደንበኞቻቸው ፊት ይኮሩባታል።

ትናንት ግን እንዲህ ሆነ። ጋዜጣው የሂላል ወገን ነውና በፊት ገጹ ላይ በጉልህ «የመሪኽ ግብ አግቢ ሊሄድ ነው» ብሎ ጽፏል። ሜሮን ድምጿን ከፍ አድርጋ አነበበችው። በስድስተኛው ገጽ ጥግ ላይ ደግሞ ፎቶግራፍ እንኳ ያልወጣለት አጭር ዓምድ ነበር፤ ያው ተጫዋች ሐሙስ ዕለት ለሁለት ዓመት መፈረሙን ይናገራል። ዓይኗ አረፈበት። ምንዳዬ በደስታ ጉልበቱን እየመታ ነበር። ገጹን ገለጠችው። ጋሽ ጀምበሬም «ያለ እርሱማ ምን ቡድን አለን? ኸላስ» አሉ።

አሁን ሰማያዊው ጨርቅ በጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል።

«ጋሼ፣ የዓርማዋ ጨረቃ ወፈር ትበልልኝ» አለ ምንዳዬ። «ካርቱም ሁለት ከሚባለው ሰፈር ሆነው ሊያዩዋት ይገባል።»

«የአንተን ሆድ ለክቼ እሰፋታለሁ፤ አታስብ።» ጋሽ ጀምበሬ ሳቁ፤ እጃቸው ግን ዘገየ። «ሰማያዊ ያዘዘኝን ሰው ሁሉ ነጭ ይሻልሃል ብዬ ስመልስ የኖርሁ ሰውዬ እኮ ነኝ።»

ንድፍ ሳያወጡ ጨርቅ መቁረጥ አያውቁም፤ ለንድፍ የሚሆናቸውም ያለፈ ጋዜጣ ነው። ከጠረጴዛው ሥር የትናንቱን ስበው አንዱን ቅጠል ዘረጉት። ሌላ ሳህን ደፍተው በዙሪያው በእርሳስ አሰመሩ፤ ሳህኑን ጥቂት ገፋ አድርገው ደገሙ። የሂላል ጨረቃ ወጣች። ሜሮን አንገቷን አሰገገች። ስድስተኛው ገጽ ነው። ያ አጭር ዓምድ ከጨረቃዋ ሆድ ውስጥ ቁጭ ብሏል።

ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። ሰኞ ወሬው በሰፈሩ ሲሰማ ጋሽ ጀምበሬ ገና ያን ዕለት የፈረመ መስሏቸው ደስ ይላቸዋል፤ ባንዲራው ግን ተሰፍቶ ይሰቀላል፤ ቃላቸውን አያጥፉም። ብትናገር ደግሞ ወንበሩ ለተውፊቅ ይሰጣል። ተውፊቅ የክፍሏ ልጅ ነው፤ ሲያነብ ያዛጋል።

መቀሱ ተከፈተ።

«ጋሼ፣ ቆይ። ቆዩ ማለቴ ነው።»

ጋዜጣውን ከመቀሱ ሥር ሳበችና ዓምዱን ከላይ እስከ ታች፣ አንድ ቃል ሳታስቀር አነበበችው። ምንዳዬ ማላመጡን ተወ።

«የዛሬ ወሬ ነው?» አሉ ጋሽ ጀምበሬ።

«የትናንት ነው። ትናንትም አይቼዋለሁ።» ጋዜጣውን አስቀመጠች። «ዘለልኩት።»

ጋሽ ጀምበሬ መነጽራቸውን አውልቀው በሰማያዊው ጨርቅ ይወለውሉ ጀመር። ቀድሞ የተናገረው ምንዳዬ ነው።

«ወላሂ፣ ሂላል እንዲህ ያለች ደጋፊ እያለችው ጠላት ምን ያደርግለታል? ባንዲራዬን ከመርፌው አፍ ላይ ነጠቅሽኝ።»

«ዝም በል አንተ። ምስክሩ ጎድሎበት የተረታ አልተረታም።» ወደ ሜሮን ዞሩ። «አፈርሽ?»

«አዎ።»

«ደግ። እኔም አፍሬያለሁ። የገዛ ቡድኔን የምሥራች በገዛ መቀሴ ቆርጬ ልጥለው ነበር እኮ።» ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ማልቀሳቸው መስሏት ደነገጠች፤ ሳቅ ነበር። ምንዳዬም ላለመሳቅ ታገለ፤ አልሆነለትም። «ያላ፣ ክርክሩ እንደገና ነው። ወንበርሽ ላይ ውጪና አንብቢ፤ ከመሪኽ ጀምረሽ።»

ሜሮን ወንበሩን አየችው። አልወጣችበትም። ከጋሽ ጀምበሬ ጎን ቆማ ጋዜጣውን በሁለቱ መካከል ዘረጋች፤ ጣቷንም ከአንድ ቃል ሥር አሳረፈች።

«ይኼን ያዩታል? መሪኽ ማለት ነው። በገጹ ላይ ስንት ቦታ እንዳለ እርስዎ ይፈልጉ፤ እኔ ያገኙትን ሁሉ አነባለሁ። ምንም አልዘልም።»

«የሂላልን ደግሞ ለእኔ አሳዪኝ» አለ ምንዳዬ፣ አንገቱን በመካከላቸው እያስገባ።

«ተራህን ጠብቅ» አሉት።

ጋሽ ጀምበሬ መነጽራቸውን አደረጉ፤ እርሳሱን ከጆሯቸው ላይ አወረዱ። በመስመሮቹ መካከል ቀስ ብለው ሄዱ፣ ቆሙ፣ ተመለሱ፣ እንደገና ሄዱ። ከዚያም ጠጋ ብለው አንዱን ቃል በጥንቃቄ ከበቡት።

«አንድ» አሉ።