ጠፋ ተብሎ የተመዘገበው ምልምል

የቀድሞውን የፖሊስ ማሠልጠኛ ታሪክ ለመጽሐፍ ያዘጋጅ የነበረው ሽማግሌ፣ ጠዋት ጥበቃው መዝገብ ቤቱን ሲከፍት ደረጃው ሥር በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። በቀኝ እጁ የተተየበ ወረቀት ጨብጧል። ላየው ሰው፣ እያነበበ ሲወርድ እግሩ የከዳው ይመስላል።

መርማሪዋ ተንበርክካ የደረት ኪሱን ዳሰሰች። መነጽሩ ከነማኅደሩ እዚያው ነው።

«ያለ መነጽር ያነብ ነበር?»

«ኧረ ያለሱማ የገዛ እጁንም አያይም!» አለች ታይፒስቷ እንባዋን እየጠረገች።

ትናንት አመሻሽ ላይ ግቢው ውስጥ የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፦ ማንበብ የማይችለው ጥበቃው፣ ታይፒስቷ፣ እና እዚያው የሚኖሩት ጡረተኛው የቀድሞ ዋና አሠልጣኝ፣ ሻለቃው። መርማሪዋንም ያስተማሯት እሳቸው ናቸው።

ታይፒስቷን ለብቻዋ አነጋገረቻት።

«እኔ የተየብኩት እስከ አምስተኛው ኮርስ ምልምሎች ምዕራፍ ነው። ትናንት ልወጣ ስል ‹ስድስተኛውን አሁን በእጄ ጨረስኩት፤ ነገ የወንድምሽን ነገር ታነቢያለሽ› አለኝ። ወንድሜ የዚያ ኮርስ ምልምል ነበር። ጠፋ ተባልን። እናቴ ይመጣል እያለች በር ሳትቆልፍ አረፈች።»

መርማሪዋ ቀጥሎ ሻለቃው ዘንድ ሄደች።

«ሟቹን ለመጨረሻ ጊዜ ያገኙት መቼ ነው?»

«ሳምንት ሆነኝ፣ ልጄ። ጉልበቴ ከቤት አላስወጣ ብሎኛል።»

«ስለ መጽሐፉስ ምን ይላሉ?»

«ደግ ሥራ ነበር። ግን አንድ ልጅ ፀሐይ ላይ ሲሮጥ ወደቀ ብሎ መጻፍ፣ ያ ታሪክ ይባላል?»

እስክሪብቶዋ ቆመ። 

ሦስቱንም አሮጌው የመማሪያ አዳራሽ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ያለ መነጽር አያነብም፤ ስለዚህ ወረቀቱን ያስጨበጠው ሌላ ሰው ነው። ያስጨበጠው የአምስተኛውን ኮርስ ምዕራፍ ነው፤ ስድስተኛው ግን የለም። ጥበቃችን ፊደል ስለማይለይ ምዕራፍ አይመርጥም። ታይፒስቷ ደግሞ ያንን ገጽ ዕድሜዋን ሙሉ ስትጠብቅ ኖራለች።» ወደ ሻለቃው ዞረች። «እርስዎ የፈረሙበት የምልምሎች መዝገብ ‹ጠፋ› ይላል። ‹ሲሮጥ ወደቀ› የሚል ቃል ሊኖር የሚችለው ትናንት ባለቀው ምዕራፍ ላይ ብቻ ነው። ሰውየውን ሳምንት ሙሉ ካላዩት፣ የጻፈውን በምን አወቁ?»

 ሻለቃው ከኮታቸው ውስጥ የታጠፉ ወረቀቶች አወጡ።

«አትጻፈው ብዬ ለመንኩት። እምቢ አለኝ። ስገፋው... ደረጃውን ረሳሁት።»

ወረቀቶቹ ኤግዚቢት፣ ለፍርድ ቤት የሚቀርቡ ማስረጃ፣ ናቸው። መርማሪዋ ግን መጀመሪያ ለታይፒስቷ ሰጠቻት። ታይፒስቷ ቆማ አነበበች፣ ሁለተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ ቀና አለች።

«ወንድሜ ውሃ ጠይቆዎት ነበር?»

ሻለቃው አንገታቸውን ደፉ።

መርማሪዋ ካቴናውን አወጣች። «እጅዎን ይስጡኝ፣ ሻለቃ» አለች።