ጣት በማንኪያ

ኔቬናን መጀመሪያ ያየኋት በአንድ እግሯ እየዘለለች ወደ ሱቄ ስትገባ ነው። በእጇ የስፖርት ጫማ ይዛለች፤ ሶሉ ተገንጥሎ እንደ ውሻ ምላስ ተንጠልጥሏል። ከኋላዋ ሹራባቸው ላይ ነጭ ቲሸርት የደረቡ ሰዎች ተከታትለው መጡና ደጄ ላይ ቆሙ። በከተማችን በፒሮት ኅዳር ሲመጣ የስኳር በሽታ ዘመቻ አለ። ገበያው አጠገብ ድንኳን ተተክሎ የሰው ደም ስኳር ይለካል፤ ከዚያም እሁድ እሁድ የተለካውም ያልተለካውም በኒሻቫ ወንዝ ዳር በእግሩ ይሄዳል። የዚያን ዓመት የምትመራቸው እሷ ነበረች።

«ጌታዬ፣ በጣም አስቸኳይ ነው!» አለችኝ።

«እዚህ የሚመጣ ሁሉ አስቸኳይ ነው የሚለው። ለቀብሩ ጫማ የሚያስጠግን እንኳ ይቸኩላል።»

ሳቀች። እኔ ማስቲሹን ቀባሁና ሶሉን ጫንኩት። እስኪደርቅ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ጫማ ሰፊ ቀኑን ሙሉ የሚያየው የሰው እግር ነው፤ ያን ቀን ግን ቀና ብዬ ዓይኗን አየሁ።

«ስንት ልክፈል?»

«ለዘመቻ በነጻ ነው።»

«በነጻ አልወድም። ጣትህን ስጠኝ።»

«ምነው፣ ቀለበት ልታደርጊልኝ ነው?»

ደጅ የቆሙት ሁሉ በሳቅ ፈነዱ። እሷ ግን መለኪያዋን ከቦርሳዋ አወጣች።

«መጀመሪያ ስኳርህን ልየው፤ ቀለበቱን ኋላ እናስብበታለን» አለችና ጣቴን ጠቅ አደረገችኝ።

ደህና ነበርኩ። ማለቴ ስኳሬ ደህና ነበር። እኔ ራሴ ግን ከዚያች ቀን ወዲህ ደህና አልነበርኩም!

በሚቀጥለው እሁድ ከእግረኞቹ መሃል ተገኘሁ። ጓደኞቼ አልማሩኝም። «ቦባን፣ አንተ ሲጋራ ለመግዛት እንኳ መኪና የምታስነሳው ሰውዬ፣ ምን ነካህ?» እያሉ ቀለዱብኝ። ይቀልዱ። እኔ የማየው ከፊት ከፊት የምትሄደዋን ነበር። አንድ ቀን ከሰዉ ወደ ኋላ ቀርተን ድልድዩ አጠገብ ስንደርስ ቆመች።

«እኔም አለብኝ» አለች።

«ምን?»

«ስኳር። ከልጅነቴ ጀምሮ። ኢንሱሊን እየወጋሁ ነው የምኖረው። ካስፈራሁህ ድልድዩ ያውልህ፤ ተሻገርና ሂድ።»

«የኔ ጫማ ለሽሽት አይሆንም» አልኳት።

እጄን ያዘችኝ። እጇ በረዶ ነበር። ከዚያ በኋላ ወደድኳት ብል ውሸት ነው፤ ቀድሞውንም ወድጃት ነበር።

እናቴ ቦሲልካ አባቴ ከሞተ በኋላ ምንጣፍ እየሠራች ብቻዋን ያሳደገችኝ ሴት ናት። ገበያው ውስጥ ትንሽ የምንጣፍ ሱቅ ነበራት፤ የዘመቻው ድንኳንም በየዓመቱ የሚተከለው ከሱቋ ፊት ለፊት ነው። እሷና እህቷ ስታኒያ ግን ድንኳኑን ዞረው ነበር የሚያልፉት። «በሽታ የሌለበትን ሰው በሽታ የሚያስይዙት እነዚህ ናቸው» ትል ነበር አክስቴ።

ኔቬናን ቤት ባመጣኋት ቀን እናቴ ምርጡን ስላትኮዋን አወጣች። የጫካ እንጆሪ ፍሬው ሳይፈርስ በስኳር የተቀቀለ ነው፤ ለቄስና ለሙሽራ ካልሆነ ያ ማሰሮ አይከፈትም። በእኛ ቤት እንግዳ አንድ ማንኪያ ስላትኮ ጎርሶ፣ በላዩ ውሃ ሳይጠጣ ወሬ አይጀመርም። እናቴ ትሪውን ራሷ ይዛ ቀረበች። ፊቷ በርቷል።

ኔቬና ቀላች። ከመግባታችን በፊት ደጅ ላይ ስትለካ ስኳሯ ከፍ ብሎባት ነበር፤ ከድንጋጤው ይሆናል።

«እማማ ቦሲልካ፣ እጅዎ ይባረክ። እኔ ስኳር አለብኝ፤ ዛሬ ደግሞ ከፍ ብሎብኛል። ውሃውን ብቻ ልጠጣ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«አንድ ማንኪያ ናት እኮ!»

«አውቃለሁ... ሌላ ቀን እቀምስልዎታለሁ።»

«ሌላ ቀን» አለች እናቴ፣ ትሪውን ይዛ ወደ ጓዳ ተመለሰች። ከዚያ ወዲያ ከእሷ ጋር ያወራችው ስለ ዝናቡ ብቻ ነው።

ኔቬናን ሸኝቼ ስመለስ ጠበቀችኝ።

«ማንኪያዬን የመለሰ ቤቴን መልሷል! ደግሞም በሽተኛ ናት። አንተ ጫማ ልትሰፋ ነው ወይስ ልታስታምም?»

«እማ፣ ከሁላችንም በላይ የምትራመደው እሷ ናት።»

«እኔ በዚህ ዕድሜዬ የሐኪም ደጅ ረግጬ አላውቅም!» አለችና አንድ ብርጭቆ ውሃ ጭልጥ አደረገች። ሌላ ደገመች። በዚያ ሰሞን ውሃ አይበቃትም ነበር። «ይልቅ የግራ ጫማዬን አስፋልኝ፤ ጠበበኝ።»

ቆዳውን ወጥሬ አሰፋሁላት። የእርጅና እብጠት ነው ብዬ ነበር።

እኔ ለኔቬና ምንም አልነገርኳትም። እናቴ ግን ገበያ ላይ አግኝታ ነገረቻት፤ «ለልጄ ጤነኛ ሚስት ነው የምፈልገው» አለቻት፣ ሰው እየሰማ። ኔቬና በዚያው ወደ ሱቄ መጣች። አልተቀመጠችም።

«ቦባን፣ እናትህ ካንተ ሌላ ማንም የላትም። በእኔ ምክንያት እንድትጣሉ አልፈልግም።»

«እኔስ? እኔ ማን አለኝ?»

«ትረሳኛለህ።»

«አልረሳሽም!»

«እኔም...» አለች፣ ሳትጨርሰው ወጣች።

የበረዶው ወራት ገባ። እሁድ እሁድ ነጮቹ ቲሸርቶች በደጄ ማለፍ አቆሙ፤ ኔቬና መንገድ ቀይራ በወንዙ ማዶ ትመራቸው ጀመር። እኔ ሱቄ ሆኜ የሰው ሶል እለጥፋለሁ፣ የራሴ ሆድ እንደተቀደደ ነው። እናቴ ሾርባ ስታቀርብልኝ አየት ታደርገኝና ወደ ጓዳ ትመለሳለች። አሸንፋለች፤ ግን ማሸነፏ ደስ አላላትም።

በጥምቀት ቀን እናቴ ጠበል ልታመጣ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። እኔ ቤት ሆኜ ስጠብቃት እያነከሰች ተመለሰች። ከኋላዋ ኔቬና ገባች። እናቴ ያን ሁሉ በረዶ በግራ እግሯ ነጠላ ጫማ አድርጋ ስትሄድ ጠበል ሰልፍ ላይ አይታት፣ ልቧ አልችል ብሏት ተከትላት ነው የመጣችው።

«እማማ፣ እግርዎን ምን ሆኑ?»

«ጫማ ልጦኝ ነው። ልጄ ጫማ ሰፊ ነው፤ አንቺን ምን አገባሽ?»

«ቁስሉ ያምዎታል?»

«ቅንጣት አያመኝም!»

«ያ ነው የሚያስፈራኝ» አለች ኔቬና ቀስ ብላ። «እባክዎ ጣትዎን ይስጡኝ።»

«ማንኪያዬን ለመለሰ ጣቴን አልሰጥም!»

ልናገር አፌን ስከፍት ኔቬና በዓይኗ ከለከለችኝ። ካፖርቷን እንደለበሰች ወንበር ስባ ተቀመጠች። መለኪያዋን አወጣች፣ የራሷን ጣት ወጋች፣ አየችው።

«ዛሬ ደህና ነኝ። ትሪውን ያምጡት» አለች። «እርስዎ ጣትዎን ይስጡኝ፣ እኔ ማንኪያዎን እጎርሳለሁ። ከዚያ ቢፈልጉ ያባርሩኝ።»

እናቴ እልኸኛ ናት። እልኸኛ ሰው ግን ውርርድ አያሳልፍም። ማሰሮውን አወጣች፣ ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ እንደሚከተብ ሕፃን ጣቷን ዘረጋች።

መለኪያው ቁጥር አላወጣም። ስኳሩ መለኪያው ሊቆጥረው ከሚችለው በላይ ነበር። ኔቬና ቀና ስትል ፊቷ ላይ ደም የለም።

«ቦባን፣ መኪናውን አስነሳ። አሁኑኑ!»

«መጀመሪያ ማንኪያዬን!» አለች እናቴ። «ቃል ቃል ነው!»

«ቃሌን አልበላም፣ እማማ። ብቻ አሁን እንሂድ... እለምንዎታለሁ።»

ሐኪም ቤት ካልሲዋን ሲያወልቁላት ጣቶቿ ጠቁረዋል። ኒሽ ከተማ ወዳለው ትልቅ ሐኪም ቤት ላኳት፤ እዚያ እግሯን ከጉልበቷ በታች ቆረጡት። ሐኪሙ «ከጥቂት ወራት በፊት ብትለካ ኖሮ...» ብሎ ጀመረና አየኝ፣ አልጨረሰውም። መጨረስም አያስፈልገውም ነበር። ድንኳኑ የሱቋ ደጃፍ ላይ ነበር እኮ!

ኔቬና ከአጠገቧ አልጠፋችም። ታጥባታለች፣ ፀጉሯን ታበጥርላታለች፣ ስለ ነርሶቹ ታሳስቃታለች። የቁስሉ መርዝ ግን ወደ ደሟ ገብቶ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት እናቴ ድምፅዋ ደክሞ ጠራችኝ።

«ማሰሮዬን አምጣልኝ። ማንኪያውንም።»

አመጣሁላት። ኔቬና ነገሩ ገባት። ስኳሯን ለካች፣ መርፌዋን ወጋች፣ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። እናቴ ማንኪያውን ስታነሳ ቀዩ ፈሳሽ አንሶላው ላይ ጠብ አለ።

«በሽተኛዋ አንቺ ነበር የመሰልሽኝ» አለቻት። «ራሷን የምታውቅ ጤነኛ አንቺ ነሽ። እኔ ነኝ... እኔ ነኝ ሳላውቀው...»

«ይተዉት፣ እማማ።»

«ስሚኝ። ሙሽራን ደጃፍ ላይ የምታጎርሳት አማቷ ናት። እኔ ደጃፍ ላይ መቆሜን እንጃ። አሁን ጉረሺልኝ፣ ልጄ።»

ኔቬና አፏን ከፈተች። እንባዋ ጉንጯን አልፎ ከንፈሯ ላይ ደርሷል።

«ጣፈጠሽ?»

«በጣም፣ እማዬ።»

«ውሸታም! እንባሽን ቀላቅለሽ ምኑን አጣጣምሽው?» አለች እናቴ፣ ፈገግ አለች። እጄን ይዛ በኔቬና እጅ ላይ አኖረችው።

ፋሲካን አላየችውም። ለቀብሯ ጫማዎቿን እኔ ነኝ ያበጀሁት፤ የግራውንም ጭምር። ያሰፋሁት ቆዳ ላይ ቀለም ቀባሁ፣ በጨርቅ ወለወልኩ፣ ከቀኙ ጎን አስቀመጥኩላት። ለዚያ ጫማ አልቸኮልኩም።

ሐዘናችን ዓመት ከሞላው በኋላ፣ በኅዳር ተጋባን። እሁድ ስለነበር እግረኞቹ ከወንዙ ዳር በቀጥታ ወደ ሠርጋችን መጡ፤ ካፖርታቸው ላይ ያንኑ ነጭ ቲሸርት ደርበዋል። ኔቬና ደጃፉ ላይ ስትደርስ ሙዚቃው ቆመ። ማጎረስ የሚገባት እናቴ የለችም። ሁሉም ያንን እያሰበ እርስ በርሱ ተያየ። አክስቴ ስታኒያ እንደምንም ራሷን አበረታችና የእህቷን ትሪ ይዛ ወጣች፣ ማንኪያውን ወደ ሙሽራዋ አፍ ዘረጋች።

ኔቬና እጇን በቀስታ አክስቴ ክንድ ላይ አኖረች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አክስቴ። እኔ ጎርሻለሁ። እናቴ ቀድማ አጉርሳኛለች።»

አክስቴ ማንኪያውን ትሪው ላይ መለሰችው። በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ከዚያ፣ በየዓመቱ ድንኳኑን ዞራ የምታልፈው ስታኒያ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ጣቷን ለሙሽራዋ ዘረጋች።