መርፌ ለበያጁ ያስረዳችው

የስፌት ቤቱ ሠራተኞች «መርፌ» ይሏታል፤ ለቅጥነቷም ለነገረኝነቷም። ቀን ሸሚዝ ስትሰፋ ትውላለች፣ ማታ ትማራለች። በማታው ክፍል ከጎኗ የሚቀመጠው ጣቱ ሁሉ በብየዳ እሳት የተጠበሰ ልጅ ነበር። ኬሚስትሪን እንደ ጦር ይፈራል።

አንድ ቀን ሁለት ሃይድሮጅን ሥሎ፣ መሐላቸው ያለችውን መስመር በእርሳሱ ነካ ነካ አደረገ።

«ይቺ ምንድን ናት? እኛ ሁለት ብረት ስናያይዝ ከውጭ ዘንግ እናቀልጣለን። እነዚህን ምን አቅልጠው ነው ያያያዟቸው?»

መርፌ ሳቋ አመለጣት። መምህሩ ሲገላምጣት ከኪሷ ሁለት የሸሚዝ ቁልፍ አወጣችና አንዱን እሱ ፊት፣ አንዱን እሷ ፊት አስቀመጠች።

«ከውጭ የሚመጣ የለም። ሃይድሮጅን ውጪኛው ምሕዋሩ ላይ ያለው አንድ ኤሌክትሮን ብቻ ነው፤ የሚረጋው ግን ሁለት ሲሆንለት ነው። ስለዚህ አንተም አንድ፣ እኔም አንድ እናዋጣለን።» ቁልፎቹን ወደ መሐል ገፋቻቸው። «አሁን ስንት አለህ?»

«አንድ።»

«ሁለት!»

«ያንቺንም ልቁጠር?»

«ቁጠራ! እኔም ያንተን እቆጥራለሁ። መስመሯ እነዚህ ሁለቱ ናቸው፤ ኮቫለንት ትስስር ማለት ይኸው ነው።»

ቀና ሲሉ ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ደወሉ እስኪደወል ቁልፎቹን ያነሳ አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ ካርቦን በአራቱ የውጪኛው ምሕዋር ኤሌክትሮኖቹ አራት ሃይድሮጅን እንደሚይዝ፣ ኦክስጅን ግን ሁለት እንደሚበቃው እያስረዳችው፣ ፍቅራቸው ሰፈሩን ጉድ አሰኘ። የኮሌጅ መግቢያ ፈተናውን አልፈው፣ ሩቅ ከተማ ያለው ኮሌጅ አብረው ገብተው ሊጋቡ ተማማሉ።

ሁለቱም አለፉ። መሄጃቸው ሲቃረብ ግን አባቷ ድንገት ወደቁ፤ ግማሽ ጎናቸው ሽባ ሆነ። መርፌ እናት የላት፣ ወንድም የላት። በያጁ ወሬውን ሰምቶ እየሮጠ መጣ።

«እኔም አልሄድም» አላት። «እዚሁ እየሠራሁ አባባን ተራ በተራ እናነሳቸዋለን። ሲሻላቸው አብረን እንሄዳለን።»

«የራሴን ሸክም ራሴ እችላለሁ። ምጽዋት አልለመንኩህም።»

«ምጽዋት? ያንቺ አባት የኔም አባት አይደሉም?»

«አይደሉም።»

ይህን ስትል ልቧ «ተይ፣ ተይ» ይላት ነበር። ትወደው ነበር፣ እንደ ዓይኗ ብሌን። ግን ኩራት ክፉ በሽታ ነው፤ ውለታ ከመቀበል ሰው ማጣትን ያስመርጣል። እሱም በሩን ቀስ አድርጎ ዘግቶ ወጣ።

ብቻውን ኮሌጅ ከሄደ በኋላ ይደውል ነበር። «ደህና ነን» ብላ ትዘጋለች። ውሎ አድሮ መደወሉን ተወው።

ማግባቱ በተሰማ ጊዜ የሥራ ባልደረባዋ ልታጽናናት ቤት ድረስ መጣች።

«ምን ላድርግ?» አለቻት መርፌ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «አባባን ጥዬ የት እሄዳለሁ? ያስቀሩኝ እሳቸው ናቸው።»

እንግዳዋ እንደወጣች አባቷ ከአልጋቸው ጠሯት። አፋቸው ስለተሳሰረ ቃሉን አንድ በአንድ እየጎተቱ ነበር የሚያወጡት።

«ልጄ... በኔ አታሳብቢ። ያ ልጅ... እኔን ሊያነሳ መጥቶ ነበር። የመለስሽው... አንቺ ነሽ።»

የማገላበጫቸው ሰዓት ደርሶ ነበርና መርፌ ጎንበስ ብላ፣ ከነክብደታቸው፣ ብቻዋን ወደ ሌላኛው ጎናቸው አዞረቻቸው።