ቅቤ ያልነካው ምሳ

የጃቢር ዐብዱልከሪም ሬሳ የተገኘው ማክሰኞ፣ ጥቅምት 6 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ ከጎንደር ወጣ ብሎ ኮሶዬ ላይ ካለው የ«መቅረዝ ኔትወርክ» ማማ በታች፣ ገደል ውስጥ። ረቡዕ ጎንደር ተቀበረ። ታላቅ ወንድሙ አሊ አፈር ሊያለብሰው ሲጠጋ አባታቸው ሐጂ ዐብዱልከሪም መንገዱን ዘጉበት።

«የወንድምህን አፈር አትነካም» አሉት፣ በሰው ፊት።

ፖሊስም አሊን ከዚያው ወሰደው። የጎንደር ፒያሳ ወዲያው ፈረደች። «የሞተው ወንድምሽ፣ የገደለው ባልሽ፣ ሐዘንሽ ቅጥ አጣ ከቤትሽ ሳይወጣ» የሚለው ተረት ለሴት የተተረተ ቢሆንም፣ ለሐጂ በልካቸው ተሰፋላቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መቅረዝ ስልክና ገመድ የሚሸጥ የሐጂ ሱቅ ነበር። ጃቢር ግን አዲስ ዕቅድ አመጣ፤ ከጎንደር እስከ መካነ ብርሃን ያሉትን ክሊኒኮች፣ ሆቴሎችና ማኅበራት በአንድ መረብ አገናኝቶ ኮምፒውተራቸውን በወር ክፍያ መንከባከብ። አሊ «ይህ ዕቅድ ሱቁን ያዘጋዋል» ብሎ ተጣላው። ባለፈው ወር ደግሞ አንድ የባሕር ዳር ድርጅት የጤና ጣቢያዎችን የኮምፒውተር ጥገና ጨረታ ወሰደ፤ ያቀረበው ሐሳብ ከመቅረዝ ዕቅድ ቃል በቃል የተገለበጠ ነበር። ሐጂ ዕቅዱን አሳልፎ የሰጠው አሊ ነው ብለው አመኑ። ከዚያ ወዲያ ልጃቸውን በነፍሰ ገዳይነት ለመጠርጠር አንድ እርምጃ ብቻ ቀራቸው፤ እሱንም ተራመዱት።

ምርመራው ለኢንስፔክተር ሰብለ ወንጌል ተሰጠ። «ሰው ሁሉ ‹የት ነበርክ?› ለሚለው ጥያቄ ተዘጋጅቶ ይመጣል፤ ‹ምን በላህ?› ለሚለው ግን ማንም አይዘጋጅም» የምትል ሴት ናት። ባልደረቦቿ ሆዳሟ ይሏታል፤ እሷም አይከፋትም።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ማማው ሥር ያለችውን የቆርቆሮ ክፍል ፈተሸች። ሁለት የሻይ ኩባያና አንድ ባዶ ምሳ ዕቃ አገኘች። የምሳ ዕቃውን ታች በጣቷ ጠረገችና አየችው። ዘይት ነው፤ ፈሳሽ። የኮሶዬ ብርድ አጥንት ይሰብራል።

ሐሙስ ጠዋት በመቅረዝ ቢሮ ሁሉንም በየተራ ጠራች፤ ለሁሉም ሻይ በወተት አዘዘች። መጀመሪያ አሊ ከጣቢያ መጣ።

«ማክሰኞ ኮሶዬ ላይ መኪናህ ቆማ ታይታለች» አለችው።

አሊ ሻዩን በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው። «ወደ ደባርቅ ዕቃ ላደርስ ስሄድ ነው፣ ሰባት ሰዓት ግድም። ተኳርፈን ነበር፤ ልታረቀው ቆምኩ። ልቤ እምቢ አለኝ፣ ሄድኩ። ወደ ማማው ወጥቼ ቢሆን ኖሮ…»

«ምሳ ምን በላህ?»

«ደባርቅ፣ ዘመዶቼ ቤት፣ በሥጋ። ምን ያደርግልሻል?»

ቀጥሎ የማማው ዘበኛ አያ ክንዱ ገቡ።

«ስምንት ሰዓት ላይ ምሳ ዕቃው እንደተዘጋ ነበር» አሉ። «‹ምነው አትበላም?› ብለው፣ ‹ገና ነው አያ ክንዱ፤ እርስዎ ሄደው ገብስዎን ይጨዱ፣ እኔ እጠብቃለሁ› አለኝ። ሸጋ ልጅ! ስመለስ ገደል ውስጥ አገኘሁት።»

«እርስዎስ ምን በሉ?»

«እርጎ ነዋ፤ ባለቤቴ ማሳው ድረስ አምጥታልኝ። ይህም ሻይ ሸጋ ነው፣ የኔ እመቤት፤ ይደገም ቢባል አልጠላ።»

ሦስተኛው ሰውአገኝ ነው፤ የመቅረዝ ዋና ቴክኒሻን። እናቱ በልጅነቱ ስትሞትበት ሐጂ ወስደው ከጃቢር እኩል አሳደጉት። በሃይማኖቱ አልነኩትም፤ እሑድ እሑድ እጁን ይዘው እስከ ቤተ ክርስቲያን በር ይሸኙት ነበር። ዓይኑ በልቅሶ አብጧል።

«ማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ እዚሁ ክፍሌ ውስጥ ሆኜ የፒያሳውን ክሊኒክ ኮምፒውተር ስጠግን ነበር» አለ። «የኮምፒውተሩን የሥራ መዝገብ ይዩት፤ ስሜ አለ።» ከዚያ ብርጭቆውን በትሕትና ወደ ጎን ገፋ አደረገው። «ይቅርታ፣ ጨጓራዬን ስለሚያመኝ ወተት አይስማማኝም።»

«ምሳ ምን በላህ?»

«እ… ምንም። ሥራ በዝቶብኝ ነበር።»

የቢሮው ሠራተኛ ጽጌሬዳ ሻይ በወተቷን እየጠጣች ቃሉን አጸናችለት። «የክፍሉ በር ዝግ ነበር። ሥራው ሲሠራ ግን በእኔም ኮምፒውተር ላይ ይታየኝ ነበር።»

ሰብለ ወንጌል ከዚያ ወደ ሐዘን ቤት ሄደች። የጃቢር ባለቤት ፈትሂያ ምሳ ዕቃውን ስታይ ከኢንስፔክተሯ እጅ ወሰደችው።

«ጠዋት ሲወጣ ‹ለሁለት ሰው ቋጥሪ፤ ሽሮውን በዘይት ሥሪው፣ ቅቤ እንዳይነካው› አለኝ። ያለ ቅቤ ሽሮ አይወድም እኮ! ‹ምን ነካህ?› ስለው፣ ‹እንግዳ አለብኝ› ብሎ ሳቀ።»

ኢንስፔክተሯ ወደ ቢሮው ተመልሳ ጽጌሬዳን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀቻት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉንም በሐጂ ክፍል ሰበሰበች፤ አሊ ከፖሊስ ጋር በሩ አጠገብ ቆመ።

«ጃቢር እንግዳ ይጠብቅ ነበር» ብላ ጀመረች። «አያ ክንዱን ያሰናበታቸው ከእንግዳው ጋር ብቻውን ሊነጋገር ፈልጎ ነው። እንግዳው ማን እንደሆነ የነገረኝ ምሳው ነው። በዚያ ብርድ ቅቤ ቢኖርበት ኖሮ ምሳ ዕቃው ላይ ረግቶ ባገኘሁት። ያገኘሁት ዘይት ብቻ ነው። የጾም ሽሮ ነበር፤ ፈትሂያም ይህንኑ አረጋግጣልኛለች። ለወንድሙ ለአሊ ቢሆን ኖሮ ምሳው በሥጋ ይሆን ነበር።»

«ማክሰኞ እኮ የጾም ቀን አይደለም» አለች ጽጌሬዳ።

«ለብዙዎቻችን አይደለም። ወሩ ግን ጥቅምት ነው፤ ጾመ ጽጌ የገባበት። የፈቃድ ጾም ነው፤ የሚጾመው ጥቂት ሰው ነው። አያ ክንዱ ያን ቀን እርጎ ጠጥተዋል። ጃቢር ምሳውን ያቆየው፣ እንግዳው ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ እህል እንደማይቀምስ ስለሚያውቅ ነው። ዛሬ ጠዋት ለሁላችሁም ወተት አቀረብኩ። የመለሰው አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ሰውአገኝ ብድግ አለ። «ጨጓራዬን ነው ያልኩዎት!»

«ይሆናል። በወተት ሰው አይታሰርም። ሐጂ፣ የዕቅዳችሁ የመጀመሪያ ገጽ ምን ይላል?»

ሐጂ በቃላቸው ያውቁታል። «‹ደንበኛው ዘንድ ሳንሄድ፣ ካለንበት ሆነን እንጠግናለን።›»

«ካለንበት ሆነን። ከቢሮ አይልም። ክሊኒኩን ሰውአገኝ መጠገኑ እውነት ነው። የት ሆኖ ነው የጠገነው? ጽጌሬዳ!»

ጽጌሬዳ ከመዝገቡ ያተመችውን ወረቀት እያየች፣ «ሥራ የሚሠራበት እያንዳንዱ ቦታ በመዝገቡ ላይ የራሱ ቁጥር አለው» አለች። «ይህ የቢሯችን ቁጥር አይደለም። የኮሶዬ ማማ ነው።»

ሰውአገኝ ተመልሶ ተቀመጠ።

«ዕቅዱን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለ። «ሽፋኑ ላይ የወጣው ግን የእሱ ስም ብቻ ነው። የባሕር ዳሮቹ ‹የሰሜን ኃላፊ እናደርግሃለን› ሲሉኝ ሰጠኋቸው። ጃቢር ደረሰበት። አብረን በልተን ስንጨርስ፣ ‹ለአባባ አንተው ራስህ ንገራቸው፤ እኔ አላዋርድህም› አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ገፋሁት።»

«ከዚያም ቁጭ ብለህ ኮምፒውተር ጠገንክ» አለች ሰብለ ወንጌል። ቁጣዋን አልደበቀችም። «ከወተት ጾምክ፤ ወንድምህ ለጾምህ ብሎ ቅቤውን ተወልህ። ከደሙ ግን አልጾምክም።»

ሐጂ አልጮሁም። «ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው። ፖሊሱ አሊን ለቀቀና ሰውአገኝን ይዞ ወጣ።

ያኔ ነው ሐጂ ወደ አሊ የዞሩት። እጃቸውን ዘረጉ። «በድዬሃለሁ ልጄ። ይቅር በለኝ።»

አሊ የተዘረጋውን እጅ አየው፤ አልያዘውም። «ከተማው ቢያማኝ አልደነቅም ነበር» አለ። «እርስዎ ግን ያሳደጉኝ አባቴ ነዎት። አንድ ቀን እንኳ ሳይጠይቁኝ ፈረዱብኝ። አሁን መቃብሩ ድረስ ይውሰዱኝ።»

አመሻሹ ላይ አባትና ልጅ መቃብሩ ዘንድ ደረሱ። አሊ ተንበርክኮ አፈሩን በሁለት እጁ ዘገነና መልሶ በወንድሙ ላይ አፈሰሰው፤ ደግሞም ዘገነ። ሐጂ ትናንት እሱን ከመለሱበት ቦታ ላይ ቆመው፣ ‹ይምጡ› እንዲላቸው ጠበቁ። አሊ አልጠራቸውም።